በዋልያው ሥዕል ውስጥ የጎደለው ሰው

በለንደን አቅራቢያ፣ በሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ የሥዕል አዳራሽ፣ ሲያዩት የሚዘገንን አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። እንግሊዛዊው ኤድዊን ላንድሲር እ.ኤ.አ. በ1864 የሣለው ነው። በበረዶ መሐል ሁለት ነጭ ድቦች ይታያሉ። አንደኛው ቀይ ባንዲራ በጥርሱ ይዘነጥላል፤ ሌላው አንገቱን ቀና አድርጎ የሰው የጎድን አጥንት ይቆረጥማል። አጠገባቸው የመርከበኛ ቴሌስኮፕ ወድቋል።

ነገሩ እውነተኛ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1845 ሰር ጆን ፍራንክሊን አዲስ የባሕር መንገድ ለማግኘት በሁለት መርከቦች ወደ አርክቲክ አቀና። አብረውት ከዘለቁት ጋር 129 ሰዎች እዚያው አልቀዋል። ያን ጊዜ ያሸነፈው በረዶው ነበር። ዛሬ ዓለም ሲሞቅ የሚያልቀው በረዶው ሆኗል፤ ድቦቹም አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ የሚያድኑበትን የባሕር በረዶ እያጡ ነው።

ይህ ለጎንደር ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ከደባርቅ አልፎ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የወጣ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ጅብራው ቆሞ፣ ጓሳው ማለዳ ውርጭ ለብሶ የሚታይበት የስሜን ጫፍ፣ በቆላ የተከበበ የብርድ ደሴት ነው። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እዚህ ይኖራሉ። አየሩ ሲሞቅና የገብስ ማሳ ሽቅብ ሲገፋ እነሱም ሽቅብ ይሸሻሉ። ከራስ ደጀን በላይ ግን መሸሻ የለም።

እነዚህን እንስሳት ለአውሮፓ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ገባ፤ ከ1835 ጀምሮ ባሳተመው መጽሐፍም ሦስቱንም በቀለም ሥዕል አስደግፎ አቀረባቸው። ከዚያ ወዲህ ዋልያ ያልተሣለበት ቦታ የለም፤ ብሔራዊ ቡድናችን ሳይቀር በስሙ ይጠራል። ሥዕሎቹ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ወንድ ዋልያ፣ ገደልና ሰማይ። ሰው የለበትም።

በስሜን ታሪክ ውስጥ ግን ሰው በየቦታው አለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር በማሽቆልቆሉ፣ እርሻና ግጦሽም በመስፋፋቱ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለዚህ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ርስታቸውን ለቅቀው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። ከተራራው ላይ ቤቱን አፍርሶ የወረደ ገበሬ ከዋልያው እኩል ሊታሰብለት ይገባል። እሱ ያልተካሰበት ጥበቃ አይዘልቅም። በተራራው ላይም እ.ኤ.አ. በ2019 እሳት ተነስቶ ጓሳውንና የውጫናውን ደን በላ።

ላንድሲር አርክቲክን ሲሥል የሰውን ዕቃና አጥንት ከድቦቹ እግር ሥር አልደበቀም። የሥዕሉ ጉልበትም ከዚያ ይመጣል። የጎንደርና የደባርቅ ሠዓሊዎችም ዋልያውን ከነማሳው፣ ከነእረኛው፣ ከተቃጠለው ውጫና ጋር ይሣሉት። ሥዕል የሚገዛው ሰው፣ የሆቴል ባለቤቱም፣ እንዲህ ያለውን ጠይቆ ይግዛ።