ሽንኩርቱ እስኪቁላላ

እማማ ቢሉን ያመጡልኝ ከዳዊታቸው ጋር በአንድ ፌስታል አድርገው ነው። ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር። ነጠላቸውን ሳያወርዱ ወንበር ሳቡና፣ «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ። እኔ ቁጥሩን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አሉኝ።

በደቡብ ለንደን ከእኛ ሦስት በር አልፎ ነው የሚኖሩት። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በመጣላቸው ቁጥር ወደ እኔ ይዘው መምጣት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። አብዛኛው የሐኪም ቀጠሮ ነው፤ አንብቤላቸው፣ ቡና ጠጥተን እንለያያለን። ይኼኛው ግን የጋዝ ቢል ነበር። የአምስት ወር ፍጆታ 38,389 ኪሎዋት ሰዓት ይላል፤ ሂሳቡ ወደ 2,300 ፓውንድ ይጠጋል።

ቁጥሩ ምን ያህል ከልክ ያለፈ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ማነጻጸሪያ ይበቃል። የብሪታንያ የኢነርጂ ገበያ ተቆጣጣሪ ኦፍጄም የአንድ መካከለኛ ቤተሰብን የጋዝ ፍጆታ ያኔ በዓመት 11,500 ኪሎዋት ሰዓት አድርጎ ያሰላ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት በአምስት ወር የሦስት ቤተሰብ ዓመታዊ ጋዝ አንድደዋል ማለት ነው። ከአምስቱ ወር ደግሞ ገናንና ጥምቀትን ይዞ ስድስት ሳምንት ያህል አዲስ አበባ ነበሩ። እንጀራቸውን የሚጋግሩት በመብራት ምጣድ ነው። ጋዙ ለቤት ማሞቂያው፣ ለሙቅ ውኃውና ለወጣቸው ብቻ ነው።

«ሲሊንደር ቢሆን ኖሮ ሲያልቅ አውቀው ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ሲሊንደሩን አንስቶ ክብደቱን የገመተ ሰው ምን ያህል እንደቀረው ያውቃል። እዚህ ጋዙ በመሬት ውስጥ ቧንቧ ይመጣል፤ መጠኑን የሚናገረው ደረጃው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ቆጣሪ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፍሳሽ ነበር። ቤታቸው ሄጄ ማሞቂያውንና ምድጃውን አጠፋን፤ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብለን ቆጣሪውን ጠበቅነው። ቀይዋ የመጨረሻ አሃዝ እንኳ አልተነቃነቀችም። ፍሳሽ የለም።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። እማማ በጥቅምት መጀመሪያ ዋጋው ይቀንሳል ተብለው የጋዝ አቅራቢ ቀይረዋል። ይህን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በብሪታንያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም ቤተሰብ ጋዝ የሚሸጥለትን ድርጅት መምረጥ ይችላል። ቧንቧውም ጋዙም ቆጣሪውም ያው ነው፤ የሚለወጠው ሂሳብ ላኪው ብቻ ነው። ስለዚህ የቅያሬው ዕለት ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። እስከዚያ ቁጥር የነደደው የአሮጌው ድርጅት፣ ከዚያ በኋላ ያለው የአዲሱ ነው። ሁለቱም በአንድ ቁጥር መስማማት አለባቸው፤ አንዱ የሚዘጋበት ሌላው የሚከፍትበት።

ቢሉ ላይ የመክፈቻው ንባብ 388 ይላል። አጠገቡ ግምት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አለ። በመጋቢት የድርጅቱ ሰው መጥቶ ያነበበው ደግሞ 1,600 ነው።

«በጥቅምት ቁጥሩን አልሰጧቸውም እንዴ?» አልኳቸው።

«እንዴት አልሰጥም! የልጅ ልጄ በስልኩ አንስቶ ልኮላቸዋል።»

ለልጁ ደወልንለት። ፎቶው ስልኩ ውስጥ ነበር፤ ቀኑ የቅያሬው ዕለት፣ ቁጥሩ 1,104። ይኼን ጊዜ በቃ ተገኘ ብዬ ነበር። ትክክለኛው 1,104 ተጥሎ በግምት 388 ስለተተካ፣ እማማ ያላነደዱትን 716 አሃድ እየተጠየቁ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ለአዲሱ ድርጅት የቅሬታ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ፎቶውን አያይዤ የመክፈቻው ንባብ ወደ 1,104 ይስተካከል አልኩ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። የተላከው ንባብ ከሚጠበቀው በላይ ከፍ ስላለ ሲስተሙ አልተቀበለውም፤ ከአሮጌው ድርጅት ጋር ተነጋግረን በአንድ ቁጥር ለመስማማት እንሞክራለን ይላል። እማማ መረቁኝ። እኔም ጉዳዩን የጨረስኩት መሰለኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ «ከሚጠበቀው በላይ» የሚለው ቃል ነው። ማን ነው የሚጠብቀው? በምን ለክቶ?

እሑድ ከሰዓት ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። ንባቡ እንደጠየቅነው 1,104 ቢሆን የአምስት ወሩ ፍጆታ 496 አሃድ ነው። የጋዝ ቢል ግን አሃዱን በቀጥታ አያስከፍልም፤ ወደ ኪሎዋት ሰዓት ይቀይረዋል፤ ስሌቱም ቢሉ ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ይቀመጣል። ለሙቀትና ለግፊት ማስተካከያ በ1.02264 ይባዛል፤ ጋዙ በሚሰጠው የሙቀት ኃይል ይባዛል፤ ይህ በየቀኑና በየአካባቢው ትንሽ የሚለዋወጥ ሲሆን እዚህ ቢል ላይ 39.4 ነው። ከዚያ ለ3.6 ይካፈላል። የእማማ ቢል ላይ ከእነዚህ ሁሉ በፊት አንድ መስመር ነበረች፤ «ከኢምፔሪያል ወደ ሜትሪክ፣ በ2.83 ይባዛል» የምትል። በዚያ ስሌት 496 አሃድ 15,710 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሳምንት ቤታቸውን ዘግተው ለሄዱ ሰው አሁንም ከአንድ ቤተሰብ የዓመት ፍጆታ በላይ ነው። ያሸነፍነው ክርክር ሂሳቡን ወደ ልኩ አላመጣውም።

ያኔ ሳላስበው ሁለቱን የተጣላንባቸውን ቁጥሮች አካፈልኳቸው። 1,104 ለ388። መልሱ 2.845 ነው።

ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። 2.83 እና 2.845፤ ይህን ያህል መቀራረብ በአጋጣሚ አይሆንም።

2.83 ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የቆዩት የብሪታንያ ቆጣሪዎች ጋዝን የሚለኩት በመቶ ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ አዲሶቹ በሜትር ኪዩብ። መቶ ኪዩቢክ ጫማ 2.83 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። የቤት ቆጣሪ ውስጡ ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም፤ እንደ ወናፍ የሚነፉና የሚሟሽሹ ኪሶች በተራ ጋዝ ይሞላሉ፣ በተራ ባዶ ይሆናሉ፤ እንቅስቃሴያቸው ጥርሳቸው የተገጣጠመ መዘውሮችን ያዞራል፣ መዘውሮቹ አሃዞቹን ያዞራሉ። የመዘውሩ ጥርስ በጫማ ከተቆጠረ ቆጣሪው በጫማ ይቆጥራል፣ በሜትር ከተቆጠረ በሜትር። ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። አንድ ሺህ ምን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ማታውኑ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተንበርክኬ የስልኬን መብራት አበራሁ። ልጁ ያነሳው ፎቶ ቁጥሮቹን ብቻ ነበር የያዘው፤ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ የመጨረሻዋን ቀይ አሃዝ እንጂ ሌላ አላየሁም። አምስት ጥቁር አሃዝ፣ ሦስት ቀይ። ከጎናቸው የ«ኤም» ፊደል፣ ትከሻዋ ላይ ትንሽ 3። ሜትር ኪዩብ። በጫማ የሚቆጥሩት አራት ጥቁር አሃዝ ነው ያላቸው።

«እማማ፣ ይቺን ቆጣሪ ቀይረውልዎት ያውቃሉ?»

«አዎ፣ ካቻምና ለመስቀል ሰሞን። አሮጌውን ነቅለው ይቺን ተከሉ። ወረቀትም ትተውልኛል፣ የት እንዳስቀመጥኩት…»

በማግስቱ ለድርጅቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ ግን «መዝገባችን ኢምፔሪያል ነው የሚለው» አለች ደጋግማ። ፎቶ ላኩ፣ እንመረምራለን። እኔ ደግሞ ፊደል ላይ ብቻ ተመሥርቶ ከመከራከር ራሴ በዓይኔ ያየሁት ማረጋገጫ እንዲኖረኝ ፈለግሁ።

ጾም ነው። እማማ ቅዳሜ ለቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ ምስር ወጥ በትልቅ ድስት ሊሠሩ ነበር። ማሞቂያውን አጠፋን፤ ምድጃው ላይ አንዲት ዐይን ብቻ ቀረች። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ አንድ ሰዓት ይወስዳል። እሳቱ ሲለኮስ የቆጣሪውን ቀይ አሃዞች ጻፍኩ፤ ልክ በስድሳ ደቂቃው ተመለስኩ። ቆጣሪው 0.19 ሄዷል።

በሜትር ኪዩብ ከተቆጠረ 0.19 ማለት 2.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምድጃው ጋር የመጣው መመሪያ የዚያችን ዐይን ሙሉ ኃይል 3 ኪሎዋት ይላል፤ እማማ ደግሞ በመካከለኛ እሳት ነበር የሚያቁላሉት። ልክ ነው። በመቶ ኪዩቢክ ጫማ ቢሆን ግን ያቺ ዐይን በአንድ ሰዓት 6 ኪሎዋት ሰዓት አንድዳለች ማለት ይሆናል፤ የሙሉ ኃይሏን እጥፍ። ምንም ያህል ብትከፍቷት አትችልም። ሽንኩርቱ መሰከረ።

አሁን ያለፈው ሁሉ ወደ ቦታው ገባ። ካቻምና ቆጣሪው በሜትር በሚቆጥር ሲተካ መዝገቡ ላይ ኢምፔሪያል የሚለው እንዳለ ቀርቷል። እማማ ዓመቱን ሙሉ ንባብ ስላልላኩ አሮጌው ድርጅት በግምት ሲያስከፍል ቆየ፤ ግምቱም የተሠራው በአሮጌው ቆጣሪ ልማድ፣ በዓመት 390 አካባቢ መቶ ኪዩቢክ ጫማ ታስቦ ነው። ስለዚህ በቅያሬው ዕለት ሲስተሙ 388 ጠበቀ። ልጁ እውነተኛውን 1,104 ሲልክ ሦስት እጥፍ ሊሞላ የደረሰ ስለመሰለው ጣለው። የሚገርመው፣ 388 መቶ ኪዩቢክ ጫማ በሜትር ሲለወጥ 1,098 ነው። የአሮጌው ድርጅት ቁጥርም ልኬትም ስህተት ነበር፤ ሁለቱ ስህተቶች ተደጋግፈው ግን እማማን ያስከፈሏቸው እውነተኛውን ጋዝ ነው። ድጋፉ የፈረሰው በመጋቢት፣ አንድ ሰው መጥቶ 1,600ን ከቆጣሪው ላይ በትክክል ሲያነብ ነው።

ልቤ የደነገጠው ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው። እኔ በገዛ እጄ የጻፍኩት ቅሬታ መንገድ ላይ ነበር። ሁለቱ ድርጅቶች እንደጠየቅኩት በ1,104 ቢስማሙና ልኬቱ ሳይታረም ቢቀር፣ አሮጌው ድርጅት የመዝጊያ ሂሳቡን እንደገና ያሰላል። ከ388 እስከ 1,104 ያሉት 716 አሃዶች በ2.83 ተባዝተው ከ22 ሺህ በላይ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናሉ። ከአንዱ ያወረድኩላቸውን ሸክም በሌላው በኩል እጭንባቸው ነበር፤ ያውም ክርክሩን አሸንፌ፣ ምርቃት ተቀብዬ። የአንድ አረጋዊት እናት ገንዘብ በእኔ ችኮላ ሊሄድ ነበር ብዬ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ያንኑ ዕለት ደውዬ የንባቡ ክርክር እንዲቆም ጠየቅኩ። በጽሑፍም አጸናሁት። በመጀመሪያ መዝገቡ ላይ ያለው ልኬት ወደ ሜትር ኪዩብ ይታረም፤ ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ልኬት፣ ሁለቱም ድርጅቶች በ1,104 ይስማሙ። የቆጣሪውን ሙሉ ፊት፣ መለያ ቁጥሩን፣ የሽንኩርቱን ሰዓት ንባቦች ጨምሬ ላኩ። ለአሮጌው ድርጅትም ቅጂ። ስምንት ሳምንት ካለፈ ወይም ድርጅቱ ከዚህ በላይ አልሄድም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ጉዳዩን ያለ ክፍያ ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን መውሰድ ይቻላል። ደንበኛው ውሳኔውን ከተቀበለ ድርጅቱ ይገደድበታል። ቀኑን ካላንደሬ ላይ አሰፈርኩ።

እማማን በመሐል ቁጥሩ ያስፈራቸው ነበር። ማሞቂያውን ማጥፋት ጀመሩ፤ ጋቢ ተከናንበው፣ ካልሲ ደርበው ይቀመጣሉ። ይህ ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል። ስህተት ቢል ገና ሳይከፈል ሰውን ያበርዳል። በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ ማሞቂያውን እኔው አበራው ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ልኬቱ ታርሟል፤ ሁለቱም ድርጅቶች 1,104ን ተቀብለዋል። የአምስት ወሩ ፍጆታ 5,551 ኪሎዋት ሰዓት፤ የዕለቱን ቋሚ ክፍያ ሳይጨምር 333 ፓውንድ ገደማ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ፖስታ ይዘው መጡ፤ ከአሮጌው ድርጅት ነው። በ1,098 እና በ1,104 መካከል ያለችው ስድስት ሜትር ኪዩብ ተሰልታ ነበር። አራት ፓውንድ ይቀርብዎታል ይላል።

«ይቺስ እውነት ናት?» አሉኝ።

«ይቺ እውነት ናት፣ እማማ።»

ቦርሳቸውን ከፍተው አራት ሳንቲም ቆጠሩ፣ አራቱም ባለ አንድ ፓውንድ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩልኝና «እንግዲያው ዛሬውኑ ክፈልልኝ» አሉ። በዚያው እጃቸው ከፌስታሉ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ካቻምና ቆጣሪው ሲቀየር የተዉላቸው ነው፤ ዳዊቱ ውስጥ ነበር፣ መቶ ሃምሳኛው መዝሙር ላይ።