ሞላሰስና የድሬ ጓሮ፦ ተረቱና እውነታው

ድሬ ዳዋ ላይ ጓሮ ማልማት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱ ይበረታል፣ ዝናቡ አጭር ነው፣ አፈሩም በብዙ ሰፈር አሸዋማና ኖራ የበዛበት ነው። የቧንቧው ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ያንኑ ኖራ ያሳያል። ስለዚህ የዘይቱን ችግኙ የቀጨጨበት፣ የሎሚው ቅጠል የገረጣበት ሰው «ሞላሰስ በውሃ በጥብጠህ አጠጣው» ሲባል ቢሞክር አይፈረድበትም። ምክሩ ውስጥ እውነት አለ። እውነቱ ግን ከሚወራው ይልቅ ጠባብ ነው፤ እንደ ድሬ ባለ አፈር ላይ ደግሞ ስህተቱ ቶሎ ይከፋል።

ሞላሰስ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ ስኳሩ ደጋግሞ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ነው። ወንጂ ከ1946 ዓ.ም.፣ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለችው መተሐራ ደግሞ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ሲያመርቱ እሱም አብሮ ይወጣል። በአገራችን በዋናነት ለከብት መኖና ለአልኮል ይውላል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ አሁንም ስኳር ነው፣ አንድ አምስተኛ ገደማው ውሃ። ፖታሲየሙ ከመቶ ሦስትና አራት እጅ ሊደርስ ይችላል። ናይትሮጅኑ ግን ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ፎስፈረሱ ከዚያም ያነሰ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ልብ በሏቸው፤ የሚቀጥለው ሁሉ ከነሱ ይመነጫል።

«ተክሉ ስኳሩን ይጠጣል፤ ፍሬውም ይጣፍጣል» የሚለው በብዙዎች አፍ ያለ እምነት ነው። ተክል ግን ስኳሩን ራሱ ይሠራል። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን፣ ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከሥሩ በሚመጣለት ውሃ ስኳር ያዘጋጅና ወደ ፍሬውና ወደ ሥሩ ይልካል። ሥሩም ከደረሰው ስኳር ከፊሉን መልሶ ወደ አፈሩ ያወጣል፤ በዙሪያው ያሉትን ባክቴሪያና ፈንገስ የሚቀልበው እሱ ነው። ያፈሰስነውን ሞላሰስም ሥሩ ሳይደርስበት እነሱ ተሻምተው በጥቂት ቀናት ይጨርሱታል። የፓፓያና የማንጎ ጣፋጭነት የሚወሰነው በዝርያው፣ በቅጠሉ ጤንነት፣ በውሃ አሰጣጡ፣ በፀሐይና ፍሬው በሚቀጠፍበት ጊዜ ነው። ፀሐይ ደግሞ ድሬን አላጣትም።

«እሺ፣ ተክሉ ባይበላው እንኳ ማዳበሪያ ነው» ይባላል። ከፍ ያለ ጉዳት ያየሁት ከዚህ እምነት ነው፤ ስለዚህ ስሌቱን እንሥራው። መቶ ግራም ስኳር ውስጥ 42 ግራም ካርቦን አለ። ባክቴሪያዎቹ ግማሽ ያህሉን በትንፋሻቸው ወደ አየር ይመልሱታል፤ በቀረው ሰውነታቸውን ይገነባሉ። ለግንባታው ለየስምንት ግራም ካርቦን አንድ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ይህ ማለት መቶዋን ግራም ስኳር ለመጨረስ ከሁለት ግራም ተኩል በላይ ናይትሮጅን ያሻቸዋል። ሞላሰሱ ይዞት የሚመጣው አይበቃቸውም። የጎደለውን ከአፈሩ ይወስዱታል፤ ቃሪያው፣ ጎመኑ፣ ቲማቲሙ ሊወስደው ከነበረው። ባክቴሪያዎቹ ሲሞቱ ያ ናይትሮጅን እንደገና ይለቀቃል፤ እስከዚያ ግን ተክሉ ሳምንታት ሊራብ ይችላል። ፍግና ብስባሽ በደንብ የጠገበ አፈር ይህን ይችለዋል። የድሬ አሸዋማ መደብ የናይትሮጅን ክምችቱ ቀድሞም ትንሽ ነው።

ያኔ ቅጠል ይገረጣል፤ ባለቤቱም ሞላሰሱ ያነሰ መስሎት ይጨምራል። ከመጨመሩ በፊት የትኛው ቅጠል እንደገረጣ ማየት አለበት። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ወጥ በሆነ ቢጫ ከጀመሩ የጎደለው ናይትሮጅን ሳይሆን አይቀርም። ከላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው የቅጠሉ ደም ሥር አረንጓዴ ከቀረ ግን የብረት እጥረት ነው፤ ኖራማ አፈር ላይ ሎሚና ብርቱካን፣ ዘይቱንም፣ በዚህ ይታወቃሉ። «ሞላሰስ ብረት አለበት» የሚለው እውነት ነው፣ በመቶ ግራም ግን ጥቂት ሚሊግራም ብቻ። በአፈሩም ውስጥ ብረት አልጠፋም፤ ኖራው ስላሰረው ነው ሥሩ የማያገኘው። ብስባሽ መጨመር፣ መደቡን በውሃ አለማጨቅየት፣ ሲብስም ለኖራማ አፈር የተዘጋጀ፣ ኖራው የማያስረው የብረት ኪሌት መጠቀም ይረዳል። ሞላሰስ በተፈጥሮው ትንሽ ኮምጣጣ መሆኑም የሚፈይደው የለም፤ ኖራው ያንን ኮምጣጣነት ወዲያው ያከሽፈዋል።

«ተባይ ያባርራል» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ቅጠል ላይ የቀረ ጣፋጭ ነገር ጉንዳን ይጠራል፣ ጥቁር ሻጋታም ያበቅላል።

ስለ ጤና ግን ዝም ማለት አልችልም። ፍግን ወይም ብስባሽን ከሞላሰስ ጋር በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ ውሃውን አትክልት ላይ መርጨት ተለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ዝፍዝፉ ላይ ሞላሰስ ሲጨመር ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ብቻ አይደሉም የሚበዙት፤ ከፍጉ የመጡ ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላም አብረው ይባዛሉ። ሰላጣ፣ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ላይ ይህን ውሃ አትርጩ። ልጆች ከመደቡ ቀጥፈው የሚበሉበት ጓሮ ከሆነ ጨርሶ አታስገቡት።

«አፈር ይገነባል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ሲበሉ የሚያወጡት ሙጫ የአሸዋ ቅንጣቶችን ለጥቂት ሳምንታት ያያይዛል፤ ከዚያ ሙጫውም ይበላል። ለዓመታት የሚቆየው ከእንጨትማና ከቃጫማ ነገር የሚገኘው ነው፣ በዚህ ደግሞ ድሬ ሀብታም ናት። ከጫት የሚተርፈው ገራባ በየመንገዱ ይጣላል። በዙሪያው ገጠር የማሽላ አገዳ አለ፤ የፍየል በጠጥ ከየግቢው ይጠረጋል። ገራባውን ቆራርጦ ከበጠጡ ጋር ደራርቦ ማርጠብና ማገላበጥ ነው። ሞላሰስ እዚህ ላይ ትንሽ ሥራ ያገኛል፤ ክምሩ ደርቆ አልሞቅ ሲል ግማሽ ብርጭቆ በ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ በጥብጦ መርጨት ማብላላቱን ያስጀምረዋል።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ግን ሞላሰሱን ለፍየሏ ነው የምሰጠው። በውሃ ቀጥኖ ደረቅ አገዳ ላይ ቢረጭ አገዳውን ይጣፍጥላታል፤ በመጠኑ እስከሆነ ድረስ ሆዷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይጠቀሙበታል። እሷ ወተትና ሥጋ ትሰጣለች፣ ፖታሲየሙም አብዛኛው በሽንቷና በበጠጧ ወደ መደቡ ይመለሳል።

ሞላሰስ በብዛት አፈር ውስጥ ገብቶ በእውነት የሚያስመሰግንበት አንድ ሥራ አለ፤ የሚጠቅመውም ከላይ ጉዳት ባልነው ጠባዩ ነው። ቲማቲም ደጋግሞ የተተከለበት መደብ ሥር በሚያሳብጡ ጥቃቅን ትሎች፣ በኔማቶድ፣ ወይም በአጠውላጊ ፈንገስ ሲወረር ለዓመታት አይለቁትም። በጃፓንና በኔዘርላንድ የጎለበተውና በአሜሪካ ፍሎሪዳ በሞላሰስ የተሠራበት ዘዴ መደቡን ያለ ኬሚካል መርዝ ያጸዳል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከአንድ ሊትር ጥቂት ከፍ ያለ ሞላሰስ በውሃ ተበጥብጦ ከፍግ ጋር አፈሩ ውስጥ ይገባል፤ አፈሩ ጭቃ እስኪሆን፣ እስከ 50 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ በፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ለሦስት ሳምንት ይሸፈናል። ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ሲሻሙ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ከዚያ የሚያመነጩት አሲድና የአየር እጦቱ ትሎቹንና ፈንገሱን ይገድላል። ዘዴው ሙቀት ይወዳል፣ የድሬ ግንቦትና ሰኔ ይስማማዋል። ውሃው ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ ለጓሮው ሁሉ ሳይሆን ለታመመው መደብ ብቻ ይሁን፣ የሚበላ ተክልም በአጠገቡ አይኑር። ፕላስቲኩ ሲነሳ የረግረግ ሽታ ይወጣል። አፈሩን ቆፍሮ ማናፈስ፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ይቃጠላል።