ያውቁ ኖሯል? ወፍ ዝር የማይልበት ጫካ

በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በጉዋም ደሴት ጫካ የወፍ ድምፅ ብርቅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ከመርከብ ጭነት ጋር ተደብቆ የገባው ቡናማ የዛፍ እባብ ከ12ቱ አገር በቀል የጫካ ወፎች 10ሩን ከደኑ አጥፍቷል። ምን ያድርጉ፣ እንዲህ ያለ ጠላት አይተው አያውቁ! ለቃሚያቸው የጠፋላቸው ሸረሪቶች ግን በዙ፤ በዝናብ ወራት ቁጥራቸው ከአጎራባች ደሴቶች እስከ 40 እጥፍ ስለሚደርስ፣ ተመራማሪዎች በዱላ ድር እየጠረጉ ነው የሚራመዱት።

ለእባቡ የተገኘው መርዝ ደግሞ ከየቤታችን የማይጠፋው ፓራሲታሞል ነው፤ 80 ሚሊግራም ይበቃዋል። እንክብሉን ከሞተ አይጥ ጋር አድርገው፣ አይጡን በወረቀት ፓራሹት ከሄሊኮፕተር ይለቁት ነበር። ፓራሹቱ ቅርንጫፍ ላይ ይጠመጠም ነበር፤ እባቡም የሞተ ነው ብሎ አይንቅም፣ ይውጠዋል።