የክንፍ ስቱኮ፦ አቀባብና አፋፋቅ

በቤት ውስጥ በሚሠራ የፋይበርግላስ አውሮፕላን ላይ ስቱኮ የሚቀባው የክንፉን ቅርጽ ንድፉ ወደሚጠይቀው ልክ ለማድረስ ነው። ጥንካሬ አይጨምርም፤ ጭነቱን የሚሸከመው ከሥሩ ያለው የፋይበርግላስ ጨርቅ ነው። በ1979 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሎንግ-ኢዚ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ በርት ሩታን ግለሰቦች ራሳቸው እንዲሠሩት የነደፈው የዚህ አውሮፕላን ክንፍ በጋለ ሽቦ ከተቆረጠ ፎም ይቀረጽና በኢፖክሲ የራሰ ጨርቅ ይለበጣል። የውጭ ሻጋታ ስለሌለው የጨርቁ ሽመናና የመደራረቢያው ጠርዝ ጎልቶ ይቀራል።

የገጽታውን ወሳኝነት የዚሁ አውሮፕላን ታሪክ ያሳያል። የመጀመሪያው የፊት ክንፍ ዝናብ ሲያርፍበት የማንሳት ኃይሉ ይቀንስ ስለነበር በኋላ በጆን ሮንዝ በተነደፈ ሌላ ክንፍ ተተካ። የውሃ ጠብታ የአየሩን ፍሰት እንዲህ ካወከ፣ ደርቆ የቀረ እብጠትም በቀላሉ አይታለፍም።

ስቱኮው የሚዘጋጀው ኢፖክሲን ውስጣቸው ባዶ ከሆነ ደቃቅ የብርጭቆ እንክብሎች ጋር በማዋሃድ ነው። በመጠን የኢፖክሲውን አምስት እጥፍ ያህል እንክብል ሲገባበት በስፓቱላ ቢነሳ የማይንጠባጠብ፣ ቀላልና ለመፋቅ የሚመች ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ለመኪና የሚውለው የፖሊስተር ስቱኮ እዚህ አይመከርም፤ ይከብዳል፣ ከኢፖክሲ ጋርም በደንብ አይያያዝም።

ከመቀባቱ በፊት ገጽታው ታጥቦ ይደርቃል፣ ድምቀቱ እስኪጠፋም በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ከዚያ ቀጭን ኢፖክሲ በብሩሽ ይቀባና ሳይደርቅ ስቱኮው ይደረብበታል። ጎድጓዳ ቦታን ብቻ እየፈለጉ መጣፍ አይበጅም። ጨርቁ ከስቱኮው ስለሚጠነክር ብርጭቆ ወረቀቱ ስቱኮውን ቀድሞ ይበላና በጥፉ ዙሪያ አዲስ ጉድጓድ ያወጣል። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ፣ ከሚፈለገው ከፍታ ትንሽ አስበልጦ መቀባት ይሻላል።

ለመፋቅ የሚያገለግለው ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ነው፤ በእጅ መዳፍ የተያዘ ወረቀት ጉድጓዱን ተከትሎ ስለሚወርድ ያባብሰዋል። ባለ 40 ቁጥር ሻካራ ወረቀት በጣውላው ላይ ይለጠፍና በክንፉ ርዝመት ላይ በሰያፍ፣ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ ይገፋል። ዝቅ ያለውን ቦታ ለመለየት ጥቁር ቀለም በስሱ ይረጫል፤ ከጥቂት ምት በኋላ ጥቁሩ ያልለቀቀበት ቦታ ጉድጓድ ነው። የጨርቁ ሽመና ብቅ ካለ ወዲያው ማቆም ግዴታ ነው። የተቆረጠ ክር ክንፉን ያደክማል፣ ያንን ደግሞ ስቱኮ አይተካውም። የብርጭቆ ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ሥራው ያለ ጭምብል አይጀመርም።

ቅርጹ ሲስተካከል የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉት ነጥቦች ንጹሕ ኢፖክሲ በፕላስቲክ መግፊያ በስሱ እየተጎተተ ይደፈናሉ፤ ፕራይመርና ቀለም ይከተላሉ። ፀሐይ ኢፖክሲን ስለምታለሰልስ ብዙ ሙቀት የማይስበው ነጭ ቀለም ይመረጣል።

በመጨረሻ በማጠፊያ የሚንቀሳቀሱት መቆጣጠሪያ ክፍሎች፣ ኤለሮንና ኤሌቬተር፣ ከነቀለማቸው ሚዛናቸው ይፈተሻል። ከማጠፊያው በስተኋላ የተከማቸ ስቱኮ በፈጣን በረራ ላይ አውዳሚ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። የንድፉን የሚዛን ገደብ ያላሟላ ክፍል፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለበረራ አይገጠምም።