የማያቋርጥ አጃቢና የአዝማሪ ስንኝ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የአጃቢ ሙዚቃ ሶፍትዌር ለአዝማሪ እንዲስማማ ተደርጎ እንዴት ሊስተካከል እንደሚችል ማስረዳት ነው። ጉዳዩ የሙዚቃ እንጂ የሥነ ጽሑፍ አይደለም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ብቻውን ለሚሠራበት ምሽት ቤት ከበሮና ክራር የሚተካ አጃቢ እንዳዘጋጅለት ሲጠይቀኝ ያየሁት ነው። በመጀመሪያው ምሽት አንድ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው ሙዚቃው አልጠበቀውም። አዝማሪው የመጨረሻውን ሐረግ ቆርጦ ጣለ፤ ከሐረጉም ጋር ወርቁ ጠፋ።

መጀመሪያ ቅኝቱን እንመልከት። በ1990 እ.ኤ.አ. እንደ ወጣው ባንድ ኢን ኤ ቦክስ ያሉ ሶፍትዌሮች ተጠቃሚው የኮርድ ስምና የምት ዓይነት ሲሰጣቸው ቀሪውን ራሳቸው ይሞላሉ። የእኛ ቅኝቶች ግን በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። የአምባሰል ርቀቶች በግማሽ ድምፅ ሲቆጠሩ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ናቸው። በመነሻው ድምፅ ላይ ሜጀር ኮርድ ብናስቀምጥም ማይነር ኮርድ ብናስቀምጥም መካከለኛው ድምፅ ከቅኝቱ ውጭ ነው። ስለዚህ ኮርዱን አውጥቼ መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ አስቀረሁ። አንቺ ሆዬ (1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3) አምስተኛውንም ስለማይቀበል እዚያ የተውኩት መነሻውን ብቻ ነው።

ኮምፒዩተሩ ኦክታቭን ለ12 እኩል ከፍሎ ለእያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ይሰጣል። የማሲንቆ ጣት ግን በዚህ ልክ አይታሰርም። የሚዲ ሥርዓት (1983 እ.ኤ.አ.) ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትእዛዝ አለው፤ ትእዛዙ በአንድ ቻናል ያሉትን ድምፆች ሁሉ አብሮ ስለሚያንቀሳቅስ አምስቱን በአምስት ቻናል ለየኋቸው። ከዚያ ተጫዋቹን ሳይሆን ኮምፒዩተሩን ቃኘሁ።

ዋናው ችግር ግን የጊዜ ነው። በየወል ቤት አንድ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው። ይህ ቆጠራ በወረቀት ላይ እውነት ነው። በዜማ ጊዜ ግን አዝማሪው አንዱን ቀለም ያስረዝማል፣ የመጀመሪያውን ሐረግ ይደግማል፣ በማሲንቆው ይመልስና ዝም ይላል። ዝምታው ባዶ አይደለም። ለእርሱ የሚቀጥለውን ቤት መምቻ ጊዜ ነው፤ ለአድማጩ ደግሞ ከሰሙ ተመልሶ ወርቁን የሚያገኝበት ነው። ኅብረ ቃል ካለ ፋታ አይፈታም።

ስለሆነም ረጅሙን ቅጂ ቆራርጬ ሁለት አጫጭር ክፍሎች አደረግሁት፤ አንዱ ለስንኙ፣ ሌላው ለመጠበቂያው። እያንዳንዱ ክፍል አዝማሪው በእግሩ ቁልፍ እስኪረግጥ ድረስ ይደጋገማል። በመጠበቂያው ውስጥ ከበሮው ቀለል ብሎ ይሰማል፣ ክራሩ ዝም ይላል። በሚቀጥለው ምሽት አዝማሪው የተሰጠውን ስንኝ ሦስት ጊዜ መላልሶ አዜመ፤ በሦስተኛው ላይ ሳቁ ከጥግ ተነሥቶ ቤቱን ሞላው።

ይህ ለቃል ግጥም ጥናት ትርጉም አለው። የማይጠብቅ አጃቢ ያለው አዝማሪ አስቀድሞ ያጠናውን ግጥም ይዞ ለመቅረብ ይገደዳል፤ በዚያው ልክ የቅጽበት ፈጠራው ይቀንሳል። ስለዚህ የአዝማሪ ግጥም የሚሰበስቡ ተማሪዎች ከቃሉ ጋር አጃቢው ሰው ይሁን ኮምፒዩተር፣ ፋታውም የት እንደ ወደቀ ቢመዘግቡ መልካም ነው። ያለዚያ አጥሮ የተገኘውን ስንኝ የገጣሚው ድካም አድርገን እንተረጉመዋለን፤ ጥፋቱ ግን የማሽኑ ሊሆን ይችላል።