በጉበት ስም የሚታከም ልብ

እ.ኤ.አ. በ1896 ፍሪድል ፒክ የተባለ የፕራግ ሐኪም የሦስት ሕመምተኞችን ታሪክ አሳተመ። ሦስቱም ሆዳቸው ውሃ የቋጠረ፣ ላያቸው ሰው ሁሉ የጉበት በሽተኞች የሚመስሉ ነበሩ። የችግሩ መነሻ ግን ጉበታቸው አልነበረም። ልብን ከውጭ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ጠባሳ ሆኖ፣ ተኮማትሮ ልባቸውን አንቆ ይዞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ኤክስሬይ ተስፋፍቷል፣ የልብ አልትራሳውንድ ወይም በተለምዶ ኢኮ የምንለው መጥቷል፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይም ተከትለዋል። ይህ ሕመም ግን ዛሬም በጉበት ስም ካርድ ይወጣለታል፣ በጉበት ስም መድኃኒት ይታዘዝለታል። ምክንያቱ በአብዛኛው የመሣሪያ እጥረት አይመስለኝም። ዓይን ሆዱ ላይ ያርፍና እዚያው ይቀራል፤ ወደ አንገት ቀና አይልም።

አንድ የሠላሳ ዓመት ገበሬ እናስብ። ሆዱ ማበጥ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ቤተሰቡ መጀመሪያ ጠበል ወሰደው፤ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላከ። የሆድ አልትራሳውንድ ሲነሣ ጉበቱ አብጧል፣ ሆዱም ውስጥ ብዙ ውሃ አለ ተባለ። የሄፓታይተስ ምርመራው ነፃ ነው። አረቄ ትጠጣለህ ወይ ሲባል በበዓል ቀን እንደሚቀምስ ይናገራል። ያደገበት ወንዝ ዳር ደግሞ ቢልሃርዝያ የተለመደ ነው፤ ቢልሃርዝያ ጉበትን እንደሚያጠቃ የማያውቅ ሐኪም የለም። ስለዚህ ውሃውን በሽንት የሚያስወጡት ስፓይሮኖላክቶንና ላሲክስ፣ እንዲሁም ፕሮፕራኖሎል ተጻፈለት። ሆዱ ሲወጠር ውሃው ይቀዳለታል፤ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይሞላል።

እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው። ብዙ የጉበት ሕመምተኛ በሚመጣበት ክፍል ውስጥ ሆድ ያበጠ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ይስባል፤ ብርቅ የሚባል በሽታ የሚሰወረውም በተለመደው በሽታ ጥላ ሥር ነው። አንድ ጊዜ ካርዱ ላይ የጉበት ጠባሳ ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ቀጣዩ ሐኪም ከዚያ መስመር ነው የሚነሣው።

ጤናማው የልብ ሽፋን ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ድርብ ሆኖ በመካከሉ ጥቂት ፈሳሽ ይዟል፤ ልብ በዚያ ውስጥ ያለ ችግር ይንሸራተታል። በአፍሪካና በእስያ ይህን ሽፋን ከሚያጠቁት ዋነኛው የቲቢ ተህዋሲ ነው። በመጀመሪያ ፈሳሽ ያጠራቅማል። ፈሳሹ በወራት ውስጥ ይመጠጥና ሁለቱ ድርቦች ተጣብቀው ጠባሳ ይሆናሉ፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ካልሲየም ይጨመርበትና ይደድራል። እርጥብ ቆዳ ከበሮ ላይ ተወጥሮ ሲደርቅ እየጠበቀ እንደሚሄድ፣ ይህም ሽፋን ልብን እያጠበቀ ይይዛል።

የልብ ጡንቻው ግን በአብዛኛው ደህና ነው። መጨመቅ ይችላል፤ ያቃተው መስፋት ነው። ልብ ሲፈታ ደም በመጀመሪያዋ ቅጽበት በኃይል ይገባና ወዲያው ከጠባሳው ጋር ተጋጭቶ ቀጥ ይላል። ጆሮው የሠለጠነ ሐኪም ይህን ድንገተኛ መቆም ሁለተኛውን የልብ ድምፅ ተከትሎ እንደሚመጣ አጭር ምት ይሰማዋል። መግባት ያልቻለው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ በአንገት ደም መልስ፣ በጉበት፣ በአንጀት። ከዚያ ውሃው ወደ ሆድ ይሰርጋል። ሳንባ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ብዙ የልብ ድካም ሕመምተኞች ትራስ ደራርበው ካልሆነ መተኛት እንደማይችሉ እናውቃለን፤ ይህኛው ግን ሆዱ እስካላስጨነቀው ድረስ ጋደም ሊል ይችላል። ይህም ሐኪሙን ከልብ ያርቀዋል።

ቤተሰቡን በጥሞና የሚያደምጥ ሰው ሌላ ፍንጭም ያገኛል። በተለመደው የልብ ድካም በአብዛኛው እግር ቀድሞ ያብጣል። እዚህ ግን የሕመምተኛው እናት ወይም ሚስት «መጀመሪያ ያበጠው ሆዱ ነው፣ እግሩ በኋላ ነው» ትላለች። ይህን መስማት ምንም ወጪ የለውም። ከዚያ ቀደም ብሎ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የደረት ውጋት እንደነበረ፣ ከቤተሰቡስ የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው እንዳለ መጠየቅም እንዲሁ።

አሁን ወደ አንገቱ። የአንገት ደም መልስ ከቀኝ የልብ ክፍል ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ በውስጡ ያለው የደም ከፍታ የልቡን ግፊት ያሳያል። በጉበት ጠባሳ ምክንያት ብቻ ሆዱ ያበጠ ሰው ይህ ግፊት በአብዛኛው ከፍ አይልም። ልቡ በተጠበቀ ሰው ላይ ግን ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ ከፍ ይላል። ታዲያ ለምን አይታይም? አንዱ ምክንያት አንገቱ ስለማይገለጥ ነው፤ ጋቢውና ሹራቡ ሳይወልቅ ምርመራው ያልቃል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የሚመለከተውን ሐኪም ራሱን ያታልላልና። የሕክምና ተማሪ ሁሉ ሕመምተኛውን በ45 ዲግሪ አጋድሞ እንዲያይ ይማራል። ግፊቱ እጅግ ከፍ ካለ ግን በዚህ አቀማመጥ የደሙ ጫፍ ከመንጋጋ በላይ ይወጣና የሚርገበገብ ነገር አይታይም። ሐኪሙም «ከፍ አላለም» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አስፈላጊ ከሆነም ይቁም። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከመንጋጋ አንግል በታች፣ አንዳንዴም የጆሮ ጫፍ እስኪነቃነቅ ድረስ፣ በእያንዳንዱ የልብ ምት ፈጥኖ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ እንቅስቃሴ ይታያል። የደም ቅዳ ምት ወደ ውጭ ይገፋል፣ በጣትም ይዳሰሳል፤ ይህ ግን ወደ ውስጥ የሚወድቅ ነው፣ ጣት ሲያርፍበትም አይዳሰስም።

ከዚያ በረጅሙ አየር እንዲስብ ይጠየቅ። ጤነኛ ሰው አየር ሲስብ ደም ወደ ደረቱ ስለሚሳብ የአንገቱ ሥር ይወርዳል። ልቡ የተጠበቀ ሰው የመጣለትን ደም መቀበል ስለማይችል ሥሩ ባለበት ይቆማል ወይም ጭራሽ ይነሣል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል ይህን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ ኤክስሬይ ራሱ ገና አልታወቀም ነበር። ምልክቱ በሌሎች የቀኝ ልብ በሽታዎችም ስለሚታይ ብቻውን አይፈርድም። ሆዱ ባበጠ ሰው ላይ ከታየ ግን የጉበቱን ታሪክ እንደገና መመርመር ግድ ይላል።

ከሆድ የተቀዳው ውሃም ብዙ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ውሃው ተቀድቶ የሕዋስ ቆጠራ ብቻ ይታዘዝና ቀሪው ይደፋል፤ ይህ ያስቆጨኛል። በዚያው ቀን በደም ውስጥ ያለው አልቡሚንና በሆድ ውሃው ውስጥ ያለው አልቡሚን ይለኩ። የደሙ 3.2፣ የውሃው 1.6 ግራም በዴሲሊትር ቢሆን ልዩነቱ 1.6 ነው። ልዩነቱ 1.1 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ውሃው ከደም ሥር ግፊት የመጣ ነው፤ ከዚያ በታች ሲሆን የሆድ ዕቃ ሽፋን ቲቢን ወይም ካንሰርን ያስጠረጥራል። ይህ ቁጥር ጉበትንና ልብን አይለይም። የሚለየው የውሃው ጠቅላላ ፕሮቲን ነው። በጉበት ጠባሳ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 ግራም በታች ይሆናል፤ ልብ ወደ ኋላ በመለሰው ደም የመጣ ከሆነ 2.5 ወይም ከዚያ በላይ ይገኛል። በሐሳባችን ያለው ገበሬ ፕሮቲኑ 3.8 ቢሆን ኖሮ ካርዱ ላይ የተጻፈው ስም በዚያው ቀን ጥያቄ ውስጥ መግባት ነበረበት። ከጉበት የሚወጣው ደም መልስ ሲዘጋም ተመሳሳይ ውጤት ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜም ዳኛው አንገት ነው።

ፕሮፕራኖሎሉንስ? የጉበት ጠባሳ ላለው ሰው የጉሮሮ ሥሮች እንዳይፈነዱ የሚሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ከሚሠራበት መንገድ አንዱ የልብን ምት ማዘግየት ነው። ልቡ የተጠበቀ ሰው ግን በአንድ ምት የሚረጨው ደም ከጠባሳው አያልፍም። ለሰውነቱ የሚበቃ ደም የሚያዳርሰው ቶሎ ቶሎ በመምታት ነው። ያን ፍጥነት መንጠቅ ሕመምተኛውን ያደክመዋል፣ ግፊቱን ይጥለዋል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። የስም ስህተት እዚህ ላይ ሰውነት ይነካል።

ልብ ተጠርጥሮ ኢኮ ሲታዘዝም ሌላ መሰናክል አለ። ኢኮው የልቡ የመጨመቅ አቅም 60 በመቶ ነው፣ ጤናማ ነው ብሎ ሊመለስ ይችላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ጡንቻው ደህና ነው ብለን የለ? ጥያቄው ግን ስለ መስፋት ነበር። ስለዚህ ማዘዣው ላይ «የልብ ሽፋን መጠበቅ ይኖር ይሆን?» ተብሎ መጻፍ አለበት። ያን ጊዜ ባለሙያው ከትንፋሹ ጋር እያነጻጸረ ያያል። አየር ሲሳብ ሁለቱን ታችኛ የልብ ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ወደ ግራ ይገፋል፣ ሲወጣ ይመለሳል፤ በጠባብ ቤት ያሉ ሁለት ክፍሎች ስለሆኑ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጎድላል። ታችኛው ትልቁ ደም መልስም በደም አብጦ ይታያል። አየር ሲወጣ በጉበት ሥሮች ውስጥ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል።

ኤክስሬይ ላይ ካልሲየም ከታየ ትልቅ እገዛ ነው፤ አለመታየቱ ግን በሽታውን አያስወግድም። ሲቲ ስካኑም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜዮ ክሊኒክ በወጣ ጥናት፣ ለዚሁ በሽታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 143 ሰዎች ውስጥ 18 በመቶው የሽፋናቸው ውፍረት ጤናማ ከሚባለው አላለፈም ነበር።

አንድ መንትያ በሽታም አለ፤ የልብ ውስጠኛ ግድግዳ ራሱ በጠባሳ የሚሸፈንበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ዴቪስ የተባለ ሐኪም ከኡጋንዳ ነው የገለጸው። ይህም ሆድን ከእግር አስቀድሞ ያሳብጣል፣ አንገትንም ያነሣል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሽፋኑ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ የውስጠኛው ግድግዳ ጠባሳ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነሣም። ኢኮው የልብን ጫፍ በጠባሳ ተሞልቶ ካሳየ የቀዶ ሕክምናው ሐሳብ ገና ከመነሻው ይለወጣል።

ወደ ውጭ የሄዱ ኢትዮጵያውያንም ይህ ይመለከታቸዋል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያለ ሐኪም የሽፋን መጠበቅን ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት ያለፈ የልብ ቀዶ ሕክምና፣ የጨረር ሕክምና ወይም ቫይረስ ነው። በልጅነት ወይም በጉዞ ላይ ያዝ አድርጎ የለቀቀ የቲቢ ሕመም ካልተነገረው ላይጠይቅ ይችላል፤ ሳይጠየቁ መናገር ይበጃል።

ሕክምናው በሁለት መንገድ ይሄዳል። በሽታው ትኩስ ከሆነ፣ ማለትም ሽፋኑ ገና የተቆጣ እንጂ የደደረ ካልሆነ፣ በመድኃኒት ሊለቅ ይችላል። በቲቢ የመጣ ከሆነ የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ይጀመራል፤ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ታይቶ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲ መሪነት በ8 የአፍሪካ አገሮች፣ በ19 ሆስፒታሎች፣ በልብ ሽፋን ቲቢ በተያዙ 1400 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ በቲቢው መድኃኒት ላይ መጨመር ሞትን አልቀነሰም፤ የሽፋን መጠበቅን ግን ከ7.8 ወደ 4.4 በመቶ አወረደ። በኤችአይቪ የተያዙ ሰዎች ላይ ደግሞ የካንሰር አደጋን ከፍ አደረገ። ስለዚህ ለሁሉም የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ ሳይመረመሩ መስጠትም አይገባም። ማዮሲ ከአራት ዓመት በኋላ በሞት ተለየን፤ ሥራው ግን በእኛው አህጉር፣ በእኛው ሕመምተኞች ላይ የተሠራ በመሆኑ ትልቅ ዋጋ አለው።

ሽፋኑ ከደደረ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ደረት ተከፍቶ ጠባሳው ከልብ ላይ ይላጣል፤ ድያፍራምን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ነርቮች እንዳይነኩ ጥንቃቄ ይደረጋል፣ ካልሲየሙ ጡንቻ ውስጥ የገባ እንደሆነም እዚያው ይተዋል። ከባድ ሥራ ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ የሞቱን አደጋ ከ6 እስከ 12 በመቶ አድርጎት ነበር። ጉበቱ በእውነት እስኪጎዳ፣ ጡንቻው እስኪመነምን የቆየ ሰው አደጋው ከዚህም ይብሳል። በአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለውን የልብ ማዕከል ጨምሮ ወረፋው ረጅም ነው፣ ከተሰላፊዎቹም መካከል በሪህ ትኩሳት ቫልቫቸው የተበላሸ ልጆች ይገኙበታል። በጉበት ስም የባከነው ዓመት ከዚህ ወረፋ ላይ ይደመራል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላም እብጠቱ በአንድ ጀምበር አይጠፋም። ለረጅም ጊዜ ታንቆ የኖረ ልብ እንደገና መስፋትን እስኪለምድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል፤ የሽንት መድኃኒቱም እየተቀነሰ ይቀጥላል። ይህ ለቤተሰብ አስቀድሞ ካልተነገረ ቀዶ ሕክምናው አልሠራም ብለው ክትትሉን ያቋርጣሉ፤ ሕመምተኛው ተሽሎት የቲቢ መድኃኒቱን በሦስተኛው ወር የሚተውበት ጊዜም አለ። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ የቲቢው መድኃኒት የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ፤ ፕሮፕራኖሎሉ መቆሙም በጉልህ ይጻፍ፤ የአካባቢው ጤና ጣቢያ አሮጌውን ካርድ አይቶ መልሶ እንዳያዝለት።