የድጋፍ ደብዳቤውና የመጋዘኑ ቁልፍ

ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በገንዳ ውሃና በመተማ ቆላ ሰሊጥ ይታጨዳል፤ ነዶው በሂላ ተደርድሮ ይደርቃል፤ ከዚያም ተራግፎ በጆንያ ይሞላል። በዚሁ ሰሞን በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይቆማሉ። አንዱ ለአጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ሲሆን የሚያድርበትን ጥግ ይለምናል። ሁለተኛው የአጥቢያው ልጅ ሲሆን በመጋዘን ለመቀጠር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ምን ማድረግ እንደሚገባን አባቶች አስተምረውናል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ደብዳቤውን ፈርመን ማኅተም ስናሳርፍበት በእርግጥ ስለ ምን እየመሰከርን ነው?

የመጋዘን ሥራ ለምን ሰፋ?

የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላና አኩሪ አተር የሚያበቅል ምድር ነው። ምርቱ የሚሰበሰበው በጥቂት ወራት ውስጥ ሲሆን የሚሸጠውና የሚጓጓዘው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። በዚህ መካከል ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው መጋዘን ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የመጋዘን ትርጉም ተለውጧል። ቀድሞ ነጋዴው ጆንያውን አስፈትቶ፣ ሰሊጡን በእጁ ዘግኖ አይቶ ይገዛ ነበር። ዛሬ ግን በርቀት ያለ ገዢ ምርቱን በዓይኑ ሳያይ፣ መጋዘኑ የመሰከረለትን ደረጃና ክብደት አምኖ ይገዛል። በአዋጅ ቁጥር 372/1996 የተደነገገው የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓትም ደረሰኙ የባለቤትነት ማስረጃና የብድር መያዣ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ የመጋዘን ሠራተኛ ፊርማ ራሱ ገንዘብ ሆኗል ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሕዝብ በገላባትና በመተማ ዮሐንስ በኩል ተሻግሮ መጥቷል። ለተሰደደና ለተፈናቀለ ወገን የሚመጣው እህል፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ወደ ተረጂው ከመድረሱ በፊት የሚያድረው በመጋዘን ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም መኪና ሲዘገይ ብዙ ሌሊት ያድራል። በዚህም ምክንያት መዛኝ፣ ናሙና ወሳጅ፣ መዝጋቢ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ የጭነት ተቆጣጣሪና ጥበቃ የሚፈልግ ቀጣሪ በዝቷል።

ጥፋቱ የሚጀምረው በትንሹ ነው። መዛኙ በእያንዳንዱ ኩንታል አንድ ኪሎ ብቻ ቢያጎድል፣ 5,000 ኩንታል በሚይዝ መጋዘን 50 ኩንታል ይጠፋል። ማንም ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ አልታየም፤ በርም አልተሰበረም። የጠፋው ግን የገበሬው የዓመት ድካም ወይም የስደተኛዋ እናት የወር ቀለብ ነው።

«ጥሩ ልጅ ነው» ማለት በቂ አይደለም

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት በአንድ መጋዘን ሊቀጠር ሲል የድጋፍ ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነበርሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያገለገለ፣ ከጉባኤ የማይቀር፣ ለታላላቆቹ የሚታዘዝ መሆኑን ጻፍሁ። የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ ንብረቱ ሲቆጠር ጉድለት ተገኘ። ነገሩ ሲጣራ ወጣቱ አንድም ጆንያ ወደ ቤቱ አልወሰደም፤ አለቃው በቃል «ጫንለት፣ ወረቀቱ ኋላ ይመጣል» ባሉት ቁጥር ሲጭን ኖሯል። ወረቀቱም አልመጣም። ታዛዥነቱን በደብዳቤ አወድሼ ነበር፤ የጎዳውም ያው ታዛዥነቱ ሆነ። ተገቢ ባልሆነ ነገር እምቢ ማለት ይችል እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም፤ አልጻፍሁምም።

ከዚህ የተማርሁት የመጋዘን ታማኝነት አለመስረቅ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ሦስት ልማዶችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ያዩትን እንዳለ መጻፍ ነው። ሰሊጡ እርጥብ ከሆነ እርጥብ ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ናሙናውንም ከአፉ ብቻ ሳይሆን ከጆንያው መካከልና ከግርጌው ይወስዳል። ሁለተኛው ያለ ሰነድ አለመቀበልና አለማውጣት ነው። ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 ካልተያዘ፣ ያዘዘው ማንም ቢሆን ቁልፉ አይዞርም። ሦስተኛው ስሕተትን በጊዜው መናገር ነው። ጣሪያ አፍስሶ ከታች ያለው ጆንያ ሲሻግት ደብቆ ከላይ ደረቅ የሚደረድር ሠራተኛ ሌባ አይባል ይሆናል፤ ጉዳቱ ግን ከሌባ አያንስም። የሻገተ እህል መርዝ ሊኖረው ስለሚችል የሰው ጤናም ያጠፋል።

የሐዋርያት ምርጫ

ቤተ ክርስቲያን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሰው የመምረጥ ልምድ ከመጀመሪያው ዘመን ጀምሮ አላት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተነገረው የሰባቱ ዲያቆናት ምርጫ ምክንያቱ የዕለት ምግብ እደላ ነበር። ከግሪክ አገር ወገን የሆኑ መበለቶች በእደላው ስለተዘነጉ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት የወሰዱትን እርምጃ በዝርዝር እንመልከተው።

አንደኛ፣ ቅሬታውን አላፈኑም፤ በይፋ ሰሙት። ሁለተኛ፣ መስፈርቱን አስቀድመው ተናገሩ፤ በሕዝብ ዘንድ መልካም ምስክር ያለው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላበት ይሁን አሉ። ቅድስና ያለ ጥበብ፣ ጥበብም ያለ ምስክር በቂ አልሆነም። ሦስተኛ፣ ዕጩዎቹን ያቀረበው በቅርብ የሚያውቃቸው ሕዝብ ነው። አራተኛ፣ የተመረጡት ሰባቱ ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። ይህም ቅሬታ ያቀረበው ወገን በእደላው እንዲታመንና እንዲሳተፍ መደረጉን ያሳያል።

ሆኖም ምርጫ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከቀደምት አባቶች ቅዱስ ሄሬኔዎስ በራእይ የተወገዙትን ኒቆላውያንን ከሰባቱ አንዱ ከሆነው ከኒቆላዎስ ጋር ያያይዛቸዋል። ከዐሥራ ሁለቱም መካከል የገንዘቡን ከረጢት ይይዝ የነበረው ይሁዳ ነው። በጌታችን እጅ የተመረጠ ሰው ከወደቀ፣ እኛ የመረጥነው አይወድቅም ብለን ያለ ቁጥጥር ልንተወው አይገባም።

ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ?

የሰበካ ጉባኤ ምስክርነት ዋጋ የሚኖረው የምናውቀውን ብቻ ስንጽፍ ነው። «ምስጉን ጠባይ ያለው» ከማለት ይልቅ ያየነውን ሥራ እንጥቀስ። ለክብረ በዓል የተሰበሰበ ገንዘብ ይዞ ያውቃልን? ሒሳቡን በስንት ቀን አስረከበ? የጎደለ ነገር ሲኖር ራሱ ተናገረ ወይስ ሌላ ሰው አገኘበት? ይህን የሚያውቅ ካህን ወይም የኮሚቴ አባል ከሌለ፣ አባልነቱን ብቻ መስክሮ ማቆም ይሻላል። የደብዳቤው ቀሪ በመዝገብ ይቀመጥ፤ ፈራሚውም ሲጠየቅ የሚመልስ ይሁን።

ለቅጥር ኮሚቴ ውስጥ የተመደባችሁ ደግሞ «ታማኝ ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አይደለሁም የሚል የለም። ይልቁንም አንድ ሁኔታ አቅርቡለት። «ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ኃላፊህ ስልክ ደውለው ሃያ ኩንታል ያለ ወረቀት አስጭን ቢሉህ ምን ትላቸዋለህ?» በሉት። ጥቂት ጆንያዎች በፊቱ አስቀምጡና አስቆጥሩት፤ አስመዝኑት፤ አስመዝግቡት። የአራት ሥርዓተ ሒሳብ ስሌትና የጠራ ጽሕፈትም የታማኝነት ክፍል ናቸው፤ መቁጠር የማይችል ሰው ቢታመንም ሊጠብቅ አይችልም።

ስለ ዋስም አንድ ነገር ልጨምር። ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ዋስ እንዲያቀርብ መጠየቁ የተለመደ ነው። ነገር ግን ዋስ ማግኘት ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ባለ ደመወዝ ዘመድ መኖሩን ነው። ወላጅ የሌለው፣ ከደጋ መጥቶ በቆላ የቀረ ወይም የተፈናቀለ ወጣት በዚህ ምክንያት ብቻ ይወድቃል። ሰበካ ጉባኤ የአጥቢያውን ገንዘብ ማስያዝ አይገባውም፤ ነገር ግን ለሙከራ ጊዜ በጥቂት ንብረት እንዲጀምር ቀጣሪውን ማነጋገር ይችላል።

ምስክርነታችን ለወገን ማድላት እንዳይሆንም እንጠንቀቅ። በገንዳ ውሃና በአካባቢው ሙስሊም ጎረቤቶቻችንና የጉሙዝ ወገኖቻችን አብረውን ይኖራሉ። የእኛ አማኝ ስለሆነ ብቻ ከታመነው ጎረቤታችን የማይታመነውን ብናስቀድም እሴትን ሳይሆን ዝምድናን መርጠናል። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው ኮሚሽናችንም ተረጂን በእምነቱ እንዳይለይ የተማረ ነው፤ የእህሉን ጠባቂ ሲመርጥም ሚዛኑ አንድ ሊሆን ይገባል።

ከቅጥር በኋላ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ብሂል ባለበት ኅብረተሰብ መካከል ሠራተኛውን ብቻውን ከፈተና ጋር መተው ፍትሕ አይደለም። በሩ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰዎች እጅ ይሁኑ። ተቀባዩና መዝጋቢው አንድ ሰው አይሁን። ቆጠራ በድንገት ይደረግ፤ ቆጣሪውም ከመጋዘኑ ውጭ ይምጣ። ሚዛኑ በታወቀ ክብደት በየጊዜው ይፈተሽ። ከሁሉ በላይ ደመወዙ በጊዜው ይከፈል። ለወራት ያልከፈሉትን ሰው በሺህ ኩንታል መካከል አስቀምጦ ታማኝ ሁን ማለት ቀጣሪውን ራሱን በደለኛ ያደርገዋል። እምቢ በማለቱ የተጣላ ሠራተኛ ሲኖርም ሰበካ ጉባኤው የጻፈለትን ደብዳቤ ያስታውስ፤ ከጎኑም ይቁም።

የተከበራችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ይህ ሁሉ ከቤታችን ይጀምራል። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የአጥቢያውን ሀብትና ንብረት ከካህናትና ከምእመናን ለተውጣጣ ጉባኤ አደራ ሰጥቷል። የአጥቢያችን ዕቃ ቤት የተሟላ መዝገብ ከሌለው፣ ስለ ሌላው መጋዘን ጠባቂ የምንሰጠው ምስክርነት ክብደት አይኖረውም። እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሁለት ነገር እንድታደርጉ በትሕትና አሳስባለሁ። የዕቃ ቤቱን መዝገብ ከዕቃው ጋር አስተያዩ። ቀጥሎም በመጨረሻ የፈረማችኋቸውን ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች አውጥታችሁ አንብቡና፣ ከተጻፈው ውስጥ በዓይናችሁ ያያችሁት የትኛው እንደሆነ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።